የሐሰተኞቹ ጣሳ

ታጁ ስልክ ጠባቂ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ዘመዱን ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልኩን ይዞ አይገባም፤ ከበሩ ማዶ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዱ መስኮት ያስቀምጥና ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ተቀብሎ ይሄዳል፣ ሲወጣ ካርቶኗን መልሶ ስልኩን ይወስዳል። የታጁ መስኮት ከዳር ሦስተኛው ነው። ሥራው ቁጭ ብሎ መዋል ነው። ቁጭ ብሎ የሚውል ሰው ደግሞ እጁ ላይ አንድ ነገር ካልያዘ ሰው ማማቱ አይቀርም። ታጁ ሰው አያማም፤ ሳንቲም ያያል።

ሌላው ሰው ሳንቲም የሚያየው ስንት እንደሆነ ለማወቅ ነው። ለታጁ እሱ ጉዳዩ አይደለም። ከመሳቢያው ያወጣትን አንድ ብር ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘነብላል፤ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በሌላው ላይ የሰዓት ሠሪ ማጉሊያ ይደቅናል፤ ከዚያ የአንበሳውን ጋማ በጸጉር በጸጉሩ፣ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ጽሑፍ በፊደል በፊደሉ ይመረምራል። የሚፈልገው ስሕተት ነው። ሳንቲሙ ሲታተም የተሠራ፣ ማንም ሳያየው አልፎ ገበያ የገባ ስሕተት።

ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ አላገኘውም። አቃቂ ውስጥ በአንድ የቆርቆሮ ዕቃ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ማተሚያ ማሽን ላይ ሠርቷል። ቆርቆሮው ከሥር ይገባል፣ የብረት ማህተሙ ከላይ ይወርድበታል፣ ሰሃን ሆኖ ይወጣል። ማህተሙ ራሱ ከተሰነጠቀ፣ የሚወጣው ሰሃን ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ያንኑ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። ማህተሙ ደህና ሆኖ ቆርቆሮው ሲመታ ከተንቀጠቀጠ ግን የሚበላሸው ያ አንዱ ሰሃን ብቻ ነው፤ ደግሞ እሱን የመሰለ አይወጣም። ሳንቲምም ያው ነው። ማህተሙ ሲሠራ ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተደርቦ ከተቀረጸበት፣ የመታቸው ሳንቲሞች ሁሉ ፊደላቸው ድርብ ይሆናል። ሰብሳቢ እንቅልፍ አጥቶ የሚፈልጋቸው እነዚህን ነው። በመንቀጥቀጥ የተደረበው ግን ለታክሲ ከመክፈል ሌላ ጥቅም የለውም። ሁለቱን የሚለየው ዐይን ነው፤ የእውነተኛው ድርብ ትከሻው፣ ማለትም የፊደሉ ጎን፣ ክብ ነው፣ ጫፉም ስንጥቅ ይላል፤ የተንቀጠቀጠው ጠፍጣፋ ነው፣ በመዳፍ ተጭነው የገፉት ይመስላል።

የሳንቲም ሰዎች በቴሌግራም ይገናኛሉ። መዝገቡን የምትይዘው አቻምየለሽ የምትባል በጡረታ የወጣች የባንክ ገንዘብ ያዥ ናት። አዲስ ዓይነት ስሕተት ሲገኝ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ከቁጥሩ አጠገብ ያገኘውን ሰው ስም ትጽፋለች። በመዝገቡ ላይ ሠላሳ አንድ ቁጥር አለ። ታጁ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፎቶ ልኳል፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመጣለት መልስ «ከታተመ በኋላ የደረሰ ጉዳት ነው፤ እናመሰግናለን» የሚል ነው። ታጁ በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ሠላሳ ሁለተኛው ቁጥር አጠገብ ስሙ ተጽፎ ማየት ነበር። ሌላው ምኞቱ ሁሉ ወይ ተሳክቷል ወይ ቀርቷል።

እንግዲህ ሰኪና የመጣችው እዚህ ላይ ነው።

ሰኪና ከጎኑ ባለው መስኮት ለጠያቂዎች ሙዝ፣ ብስኩት፣ ሶፍትና ፌስታል ትሸጣለች። ባሏ ሀይረዲን ከቃሊቲ ኮዬ ፈጬ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰው ቀዝቀዝ ባለበት ቀን፣ አንገቷን በመስኮቱ አስግጋ ምን እንደሚያይ ጠየቀችው። ሰባት ዓመት ማንም ያልጠየቀው ሰው ሲጠየቅ እንዴት እንደሚሆን መገመት ነው። ታጁ ያን ቀን ስልኩን ሊወስድ የመጣውን ሰው ሁሉ እያስቆመ አስተማራት። ስለ ክብ ትከሻው ነገራት። ጭረትና ስንጥቅ እንዴት እንደሚለይ ነገራት፤ ጭረት ወደ ውስጥ የገባ ነው፣ የማህተም ስንጥቅ ግን ሳንቲሙ ላይ እንደ ክር ቀና ብሎ የወጣ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐሰተኛ የተባለውን፣ ማለትም ስሕተት መስሎ ስሕተት ያልሆነውን፣ ሳንቲም እንዳትጥል አስጠነቀቃት፤ ዐይን የሚሳለው ውሸቶቹን ደጋግሞ በማየት ነውና ለብቻ ታስቀምጣቸው። ሰኪናም ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ አምጥታ ከሙዙ ሥር አኖረች።

በመጀመሪያው ዓመት ኩራቱ ልክ አልነበረውም። «ተማሪዬ ናት» እያለ ለጥበቃዎቹ ሳይቀር ያወራ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ወሬውን ተወው። ምክንያቱም ልጅቷ ማጉሊያ አትፈልግም። ሙዝ እየመዘነች፣ ከደንበኛ ጋር እያወራች፣ መዳፏ ላይ ያረፈውን ሳንቲም አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጋ ወይ ወደ መሳቢያው ትጥለዋለች ወይ ታስቀረዋለች። ያስቀረችው ሲታይ ሁሌም አንድ ነገር አለበት። ታጁ ሃያ ደቂቃ አፍጥጦ የሚያገኘውን እሷ በትንፋሽ ታገኘዋለች፤ ከዚያ መጥታ በትሕትና «ጋሽ ታጁ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ትለዋለች። ትሕትናዋ ነው ቆሽቱን ያሳረረው። ብትኮራ ይሻለው ነበር፤ የሚጠላበት ምክንያት ባገኘ።

ለራሱ ብዙ ሰበብ ሰጠ። ባሏ በየቀኑ ከሚኒባሱ አንድ ኮሮጆ ሳንቲም ያመጣላታል፣ ብዙ ያየ ብዙ ያገኛል አለ። ወጣት ናት አለ። ዕድል ነው አለ። ሰበቦቹ ለጊዜው ያዙለት። አንድ ቀን ግን ሮቤራ የሚባለው የታክሲ ረዳት፣ ጠርዙ የተንጋደደ አንድ ብር በሁለት ጣቱ ይዞ መጣ። ታጁ ማጉሊያውን አነሳ። ሮቤራ መስኮቱን አልፎ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፣ ወደ ሰኪና ሄደና «ሳንቲም አዋቂዋ አንቺ ነሽ አሉኝ» አላት። ታጁ ያነሳትን ማጉሊያ በሸሚዙ ጠርጎ መልሶ አስቀመጣት። ያን ቀን ምሳውን አልበላም።

ቅናት ነበር። ስሙን ያውቀዋል። በአምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ልጆች ድሮና ኩሎ፣ በሙዝ ሻጭ መቅናቱን ያውቀዋል፤ ማወቁ ግን አንዲት ጠብታ አላቀለለለትም።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሰኪና ዝርዝር አልቆባት ከታጁ ሃያ ባለ አንድ ብር ሳንቲሞች ወሰደች። ታጁ እነዚያን ሳንቲሞች ከንጋት ጀምሮ አንድ በአንድ አይቷቸዋል፤ ምንም የለባቸውም ብሎ ነው የሰጣት። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ተመልሳ መጣች። አንዷን ለይታ መስኮቱ ላይ አኖረችለት።

«ይቺን ይዩልኝ እስቲ» አለችው። «ፊደሏ ድርብ መሰለኝ።»

ታጁ ማጉሊያውን ደቀነ። «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ድርብ ነው። ትከሻው ክብ ነው። የ«ት» አናት ጫፉ ላይ እንደ ዕንጨት ፍልጥ ስንጥቅ ብሏል። ዘጠኝ ዓመት በሐሳቡ ያያት ሳንቲም ይቺ ናት። ዛሬ ጠዋት በእጁ ይዟት ነበር፤ በዚህ ማጉሊያ አይቷት፣ ምንም የለባትም ብሎ፣ ለሰኪና ቆጥሮ ሰጣት። ቀና ብሎ ቢያያት እንደሚታወቅበት ገባውና ማጉሊያውን ከዐይኑ ሳያነሳ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ተንቀጥቅጣ ነው» አለ በመጨረሻ።

ሰኪና ትከሻው ክብ እንደመሰላት ነገረችው። እሱም መምሰሉን እሱ ራሱ እንደማይክድ፣ ጀማሪን የሚያታልለው ይኸው መምሰሉ እንደሆነ፣ ማተሚያ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያልቆመ ሰው ቢሳሳት እንደማይፈረድበት ረጋ ባለ ድምፅ አስረዳት። ድምፁ ሲረጋ ራሱም ገረመው። ሰኪና ራሷን ነቀነቀች፤ ሳንቲሟን ወደ ጣሳዋ ልትወስድ እጇን ስትዘረጋ ግን ታጁ መዳፉን ጫነባት። ለእሱ እንድትተውለት፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ሐሰተኛ ለማስተማሪያ እንደሚሆን ነገራት።

«ይውሰዷት» አለች። «ድሮም ከእርስዎ የመጣች ናት።»

ከሰዓት በኋላ ፎቶዋን አንስቶ ለአቻምየለሽ ላከ። «ያገኘው፦ ታጁ፣ ቃሊቲ» ብሎ ጻፈ። ሲመሽ መልስ መጣ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የተለየ መልስ ነበር። እውነተኛ ድርብ እንደምትመስል፣ በጣም ደስ እንዳላት፣ ነገር ግን በፎቶ አንዲት ሳንቲም ብቻ አይቶ መዝገብ ላይ ማስፈር ደንቡ እንደማይፈቅድ ጽፋለታለች። ጥፋቱ የማህተሙ ከሆነ መንትያ መኖሯ አይቀርም፤ መንትያዋ ስትገኝ ቁጥር ሠላሳ ሁለት የእርስዎ ነው አለችው። ፎቶውን ግን ከነስሙ ሰዉ ሁሉ እንዲያየው ቴሌግራሙ ላይ ለጠፈችው።

ከዚያ ቀን በኋላ ታጁ መንትያዋን ፍለጋ ገባ። ተርሚናሉ ድረስ እየሄደ ከረዳቶች ሳንቲም በካልሲ ሙሉ ይዘረዝር ጀመር። የአውራ ጣቱ ቆዳ በብረት እድፍ ጠቆረ። ይዘረዝራል፣ ያያል፣ አያገኝም። መጀመሪያ ማጉሊያው ቆሽሿል አለና ጠረገው። ከዚያ መስኮቱ ላይ አቧራ በዝቷል አለና አጠበው። ቀጥሎ ከመንገዱ የሚያልፉትን ተሳቢ መኪናዎች ረገመ። ሰሞኑን ደግሞ ካርቶን ሲመለስለት «ቁጥሩን ጮክ ብለው ይበሉ» ማለት ጀምሯል፤ ለጥንቃቄ ነው ይላል። ዐይኑን ለሐኪም ማሳየት ግን አንድም ቀን አላሰበም፤ ወይም አስቦ ቶሎ ተወው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ፍርሃት ቀን ከሌት አብሮት ነበር። ሰኪና እሱ የሚፈልጋትን መንትያ በአንድ ጠዋት ልታገኛት ትችላለች። ስለዚህ እንዳታይ ማድረግ አለበት። እንዳታይ የሚያደርጋት ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ዐይኗን የሰጣት እሱ ነዋ፣ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። በሦስተኛው ቀን ማህተሙ ተሸርፎ ስለነበር ጫፏ ያበጠባትን ሃያ አምስት ሳንቲም ስታመጣለት «በመዶሻ ተመታ ነው» አላት። በሳምንቱ የውስጡ ክብ ከውጭው ቀለበት ተንጋዶ የተመታ አንድ ብር አመጣች፤ ሰው ነቅሎ መልሶ የከተታት ናት አላት። ከመጀመሪያዋ የማይመሳሰል ሌላ ድርብ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ አመጣች፤ ሁለቱንም ተንቀጥቅጠዋል አላቸው። መሐል ላይ ቀጭን መስመር የወረደባት ሃምሳ ሳንቲም ያመጣች ቀን ግን መዋሸት አላስፈለገውም። ሁለት ጊዜ አይቶ ጭረት ናት ብሎ መለሰላት፤ እውነቱን በመናገሩ ቀኑን ሙሉ ቅልል ብሎት ዋለ፣ ስትሄድም አንድ ብስኩት ከእሷ ገዛ።

ቀስ በቀስ ሰኪና ተለወጠች። መጀመሪያ «መሰለኝ» ትል የነበረችው «መስሎኝ ነበር» ማለት ጀመረች። ከዚያ ሳንቲም ገልበጥ ማድረጉን ተወች። አንዳንዴ አንዱን መዳፏ ላይ አሳርፋ ትቆይና፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ ወደ መሳቢያው ትጥለዋለች። ረዳቶቹም ወደ እሷ መሄድ ቀነሱ። ታጁ ይህን ሁሉ በጎን እያየ ምግቡ ተስማማው፣ እንቅልፉ ተመለሰ። በዚህ ደስ መሰኘት ያሳፍራል፤ ታጁም ያፍር ነበር፣ ደስም ይለው ነበር።

ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

በስምንተኛው ሳምንት ሰኞ ቀትር ላይ፣ ጠያቂ በሌለበት ሰዓት፣ ሰኪና ጣሳዋን ይዛ መጣችና ከመስኮቱ ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ጣሳውን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ጋሽ ታጁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የተንቀጠቀጠ ሳንቲም መንትያ አለው?»

ይህን ጥያቄ ከመቶ ጊዜ በላይ ታጁ ራሱ መልሶላታል፤ አሁን ሌላ መልስ ሊፈጥርለት አይችልም። የለውም አላት።

ሰኪና ቡጢዋን ፈትታ አንድ ብር መስኮቱ ላይ አኖረች። ማንሳት አላስፈለገውም። ማጉሊያ አላስፈለገውም። እሷ ስታስቀምጣት አቀማመጧ ነገረው።

«ቅዳሜ ከዘረዘሩልኝ ውስጥ ናት» አለች። «ይቺም ከእርስዎ መሳቢያ።»

ሰባት ሳምንት ጣቱ እስኪጠቁር የፈለጋትን ሳንቲም በገዛ እጁ ቆጥሮ ሰጥቷታል። ታጁ በዚያች ቅጽበት ያፈረ ይመስላችሁ ይሆናል። ሐፍረቱ ኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው ያው የለመደው ነገር ነው፤ አሁንም አየቻት የሚል ቅናት።

ሰኪና ቀስ ብላ ተናገረች። መጀመሪያ ተሳስቶ ነው ብላ እንደነበር፣ ማንም ሰው እንደሚሳሳት፣ ይህንንም ልትነግረው ደስ ብሏት ልትመጣ እንደነበር ነገረችው። ከዚያ የባሏ እህት ናዕማ ስልኳ ላይ አንድ ፎቶ አሳየቻት። ያቺው ሳንቲም ናት። ከሥሯ የታጁ ስም አለ።

«ስሙን አልፈልገውም» አለች። «ስም ምን ይሠራልኛል፣ ሙዝ ነው የምሸጠው። ዐይኔን ነው ያበላሹብኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያየሁትን አላየሁም እያልኩ ኖርኩ። ትከሻው ክብ ሆኖ ሲታየኝ ራሴን እቆጣለሁ፣ ጠፍጣፋ ነው እላለሁ። አሁን ሳንቲም ሳነሳ የሚታየኝ የእርስዎ ፊት ነው።»

ጣሳውን አንስታ መስኮቱ ላይ ገለበጠችው፤ አሥራ ስምንት ሳንቲሞች ቆርቆሮው ላይ ተንከባለሉ።

«ይለዩልኝ» አለች። «የዋሹኝን በቀኝ ያድርጉት። እውነቱን የነገሩኝን በግራ። ከዚያ እኔ አይቼ ዐይኔን እመልሳለሁ። ሌላ ምንም አልጠይቅዎትም።»

ታጁ መጀመሪያ ስልኩን አወጣ። ለአቻምየለሽ መንትያዋ መገኘቷን፣ ሁለቱንም ያገኘችው ሰኪና የምትባል ሴት መሆኗን፣ ቀድሞ የጻፈው ስም ሐሰት መሆኑን ጻፈ። ሲልከው ሰኪና እንድታይ ስልኩን አዞረላት። ዘጠኝ ዓመት የተመኘውን በሁለት መስመር ሰጥቶ ሲጨርስ ነገሩ እንዳሰበው አልከበደውም፤ እንዲያውም ትንሽ ትልቅ ሰው የሆነ መሰለው። ሰኪና አንብባ ራሷን ነቀነቀችና ወደ ሳንቲሞቹ አመለከተችው።

ማጉሊያውን ደቀነ። ሐሰተኞቹን በግራ መደርደር ቀላል ነበር። ያበጠችውን ሃያ አምስት ሳንቲም ሲያገኝ ወደ ቀኝ ገፋት። የተንጋደደችውን አንድ ብር ወደ ቀኝ። ሁለቱን ድርቦች ወደ ቀኝ። በእያንዳንዷ ሰኪና ትንፋሿን ትስባለች፤ ቀና ብሎ አላያትም። በቀኝ አራት ሆኑ። በግራ አሥራ ሦስት። አንዲት ቀረች።

የቀረችው መስመር የወረደባት ሃምሳ ሳንቲም ናት። ያወቃት ወዲያው ነው፤ እውነቱን የተናገረባት፣ ብስኩት የገዛባት። ወደ ግራ ሊያደርጋት አነሳት። ግን የቀትሩ ፀሐይ በጎን እየመታው ነበርና መስመሯ ጥላ ጣለች። ወደ ውስጥ የገባ ነገር ጥላ የሚጥለው ወደ ውስጥ ነው። ይቺ ወደ ውጭ ጣለች። ታጁ ጥፍሩን አሳለፈባት። ጥፍሩ ገባ አላለም፤ ክር ላይ እንደሚሄድ ቀና ብሎ ተሻገረ። የማህተም ስንጥቅ ናት፤ ከአንበሳው ጆሮ እስከ ጠርዙ የወረደች፣ የምታምር ስንጥቅ። በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰዓት ለሰኪና ያስተማራት ነገር ነው፤ እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ አይቶ አላያትም።

ሳንቲሟን በሁለት ጣቱ እንደያዘ ቀረ። አልዋሸባትም፣ ስለዚህ በቀኝ ቦታ የላትም። እውነትም አልነገራትም፣ ስለዚህ በግራም የላትም። ሰኪና ለዋሸውና ለእውነቱ እንጂ ለማያየው ሰው ቦታ አላዘጋጀችም። በግራ ቢያኖራት ልጅቷ ተመልሳ ስታየው ዐይኗን ትጠራጠራለች፤ ያንን ደግሞ ሊያደርግባት አሁን አቅም የለውም። «አላየኋትም» ማለት ነበር የቀረው። አንዲት ቃል ናት። ስሙን ከፎቶው ሥር ሲያስፋቅ ያልከበደው ሰው ምላሱን ከላንቃው ማላቀቅ አቃተው።

ወደ ቀኝ ገፋት።

«ይቺንም?» አለች ሰኪና። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። ያን ቀን ፊቱ ሌላ እንደነበር፣ ደግ ሆኖ እንደነበር፣ ብስኩት እንደገዛ ታስታውሳለች። «ይቺን እንኳ እውነቱን ነው የነገረኝ ብዬ ነበር።»

«አይቻት ነው» አለ ታጁ። «አይቼ ነው የደበቅሁሽ።»

ሰኪና ዐይኗ እንባ ሞላ። ታጁ እንባዋን አየና ቻለው። ክፉ ናቸው ትበል፤ ለክፉ ሰው ማንም አያዝንለትም። ከሷ ሐዘኔታ እንባዋ ይሻለው ነበር።

አምስቱን ሳንቲሞች በመዳፏ ሰብስባ፣ የቀሩትን ከነጣሳው ትታለት ወደ መስኮቷ ሄደች። ሙዟን ትደረድር ጀመር። ታጁ መሐረብ ፈልጎ ፊቱን ጠረገ።

ወዲያው ከበሩ አንዲት ሴትዮ ወጥታ መንገዱን ተሻገረችና ካርቶኗን ሰጠችው። ስልኳን ፈጠን ብሎ እንዲሰጣት፣ የኮዬ ፈጬ ታክሲ ሊያመልጣት እንደሆነ ነገረችው። ታጁ ካርቶኗን ወደ ብርሃኑ አዘነበላት። አራቃት። አቀረባት። ቁጥሩን ራሱ ነው በወፍራም ቀለም የጻፈው።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አላት።

«ተጽፎበት የለ እንዴ?»

«አንብቢልኝ» አለ ታጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ዝቅ ማድረጉ አልጠቀመውም። በመስኮቶቹ መካከል ያለው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሰኪና የያዘችውን ሙዝ አስቀመጠች፤ ሁለት ጊዜ አይቶ ጭረት ናት ያላትን ሃምሳ ሳንቲም አንስታ አየች፣ ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።